ሳትከፈት የተመረቀችው መኪና

ይድረስ ለእህቴ ለሒክማ፤ ሪያድ።

አሰላሙ ዐለይኪ ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ፣ እታለም። እንዴት ነሽ? ጤናሽ እንዴት ነው? ያ ወገብሽ ተሻለሽ ወይስ ዛሬም እየተነሳ ያስቸግርሻል? ማዳምሽ ወልዳለች ብለሽ ነበር፤ የሕፃኑ ሥራ በአንቺ ላይ እንዳይደረብ ሰግቻለሁ። ምግብስ በሰዓቱ ትበያለሽ? እኛ ከወንድማችን ከሰዓድ ሐዘንና ናፍቆት በቀር፣ አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነን። እማ ደህና ናት፤ እንቅልፏ ግን ገና በወጉ አልተመለሰም። ትንሿ እህታችን ሳጂዳም ደህና ናት፤ ሁለት የፊት ጥርሶቿ ወልቀው ስምሽን ስትጠራ በመሃል ነፋስ ይወጣል። ሁልጊዜ ስለምትጠይቂኝ ልንገርሽ፣ ሐይቁም ደህና ነው፤ ዘንድሮ ዝናቡ ጥሩ ስለነበር ውሃው ልብስ ታጥቢበት የነበረውን ድንጋይ ሸፍኖታል።

ይህን ሁሉ በስልክ መንገር ሲቻል ለምን ወረቀት እንደያዝኩ ይገርምሽ ይሆናል። ከቤታችን ሰው ደህና ስልክ ያለው ኢስሃቅ ብቻ ነው። የእማ ስልክ ደግሞ ጆሮው ተበላሽቶ በጩኸት ካልሆነ አይሰማም፤ አንቺ የምትናገሪውን ግቢው ሁሉ ይሰማዋል። ጎረቤታችን መሪማ ቅዳሜ ወደ ሪያድ ትመለሳለች፤ በእጅሽ እንድታደርስልኝ አማና ብያታለሁ። የመኪናውን ብር የምትልኪው በሚቀጥለው ሐሙስ ነው ሲባል ሰምቻለሁ። ከዚያ በፊት አንብቢው። በአላህ ይሁንብሽ፣ መሃል ላይ ተናደሽ እንዳትተዪው።

ከሁሉ አስቀድሜ ባለፈው ዓርብ ከጓደኛዬ ስልክ የላክሁልሽን ቃል ልመልስ። «ኢስሃቅ ከሻጩ ጋር ተመሳጥሮ ኮሚሽን ሊበላ ነው፤ የመኪናዋም ካምቢዮ የተሰበረ ነው» ያልኩሽ ውሸት ነው። ስለ ኮሚሽን የሰማሁት ነገር የለም። ካምቢዮውንም አላየሁም። ከራሴ አውጥቼ ነው። አንቺም ወዲያው አውቀሽብኝ «ሀምዳን፣ ይሄ ቅናት ነው፤ ሰዓድ ቢሰማህ ያፍርብህ ነበር» ብለሽ መለስሽልኝ። መልሱን ግን በድምፅ የላክሽው ወደ ኢስሃቅ ስልክ ነው። ከፍቶ ያሰማኝ ራሱ ነው፤ ፊት ለፊቴ ቆሞ። ሲያልቅ ስልኩን ኪሱ ከተተና «ና፣ ራት ቀርቧል» ብሎኝ ገባ። በጥፊ ቢለኝ ይሻለኝ ነበር።

አዎ፣ ቅናት ነው። አልክድሽም። አንቺ ስትሄጂ ገና አዳማ ላይ ሹፍርና መጀመሩ የነበረው የአጎታችን የሸህ አሕመዲን ልጅ ኢስሃቅ ዛሬ የቤታችን አባወራ መስሏል። ለለቅሶ መጥቶ ሰባት ቀን ተቀምጦ ይሄዳል ስንል ቀረ። የሚያፈሰውን የኩሽናውን ጣሪያ ሠራ። የሳጂዳን ጫማ አሰፋ። የሰዓድን የቆዳ ጃኬት እማን ስለምናት «ይሰፋሃል፣ ትንሽ ቆይ» አለችኝና በማግስቱ ለኢስሃቅ ሰጠችው። ልክክ አለለት። ከኋላው ሳየው ሁለት ጊዜ ልቤ ዘሏል፤ ፊቱን ሲያዞር ደግሞ የምጠላው ያህል ይሆንብኛል። አንድ ቀን እማ ተሳስታ «ሰዓዴ» ብላ ጠራችው። «ወይ እማ» አላት፤ ኢስሃቅ ነኝ አላለም። እኔ እዚያው አጠገቧ ቁጭ ብዬ ነበር፤ ማንም አልጠራኝም።

የግሸኖቹን ነገር ደግሞ ስሚ። ሰዓድ የሰው ሚኒባስ እየነዳ በየዓመቱ መስከረም ላይ ወደ ግሸን ማርያም ያደርሳቸው የነበሩ ተሳላሚዎች ዘንድሮም ደወሉ። እሱ ከተቀበረ ሁለት ሳምንት አልሞላውም ነበር። ስልኩ መደርደሪያው ላይ ሆኖ ይጮሃል፤ እኔ እያየሁት እጄ አልነሳልኝ አለ። ኢስሃቅ አነሳው። «ሰዓድ የለም እናቴ፤ አላህ ወስዶታል። እኔ ወንድሙ ነኝ» አላት። ሴትዮዋ በስልክ ስታለቅስ ድምጿ እስከ በሩ ይሰማ ነበር። እሱም አብሮ አለቀሰ፤ አጽናናት፤ ሰው ፈልጎላት ሄደች። ወንድሙ ነኝ አለ። ወንድሙ እኔ ነኝ፣ ሒክማ። ያን ስልክ ማንሳት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ።

ከአንቺ የሚመጣው መልእክትም ሁሉ ለእሱ ነው። «ኢስሃቅ እንዲህ አድርግ፣ ኢስሃቅ እማን ሐኪም ቤት ውሰድልኝ» ትያለሽ፤ መጨረሻ ላይ «ሀምዳንን ትምህርቱን ይማር በሉት» ይመጣል። እማራለሁ። አሥራ አንደኛ ክፍል ገብቻለሁ፤ በፊዚክስ ከክፍሉ ሁለተኛ ወጥቻለሁ። ይህንን የጠየቀኝ ሰው ስለሌለ ነው እዚህ የጻፍኩት።

አሁን ወደ መኪናዋ ልምጣ። አንቺና ሰዓድ ለአራት ዓመት ስታስቡት የኖራችሁትን አውቃለሁ፤ እሱ የሰው መኪና መንዳቱን ትቶ በራሳችሁ መኪና እንዲሠራ። እሱ ሲያልፍ ሐሳቡ አብሮ ተቀበረ ብዬ ነበር። አንቺ ግን «ብሩን ለዚያ ነው ያጠራቀምኩት፤ ኢስሃቅ ይንዳት፣ እማም ትጦርበት» አልሽ። ያን ቀን ሐይቁ ዳር ሄጄ እስኪመሽ ተቀመጥኩ።

የሰዓድ የአርባ ሰደቃ ጥቅምት አሥራ ስድስት ነበር። ሰዉ በልቶ፣ ሽማግሌዎቹ ዳሱ ሥር እንደተቀመጡ፣ አቶ ዝናው የሚባል ኢስሃቅ የሚያውቀው ሰው ለቅሶ ሊደርስ ከኮምቦልቻ መጣ። የመጣው በምትሸጠው መኪና ነው። የጀርመን ናት፤ ጥቁር ሰማያዊ፣ ወገቧ ዝቅ ያለ፣ ከኋላ አራት የጭስ ማውጫ ያላት፣ ጉልበት የሚጨምር ተርቦ የተገጠመላት። ግቢው በር ላይ ስትቆም ልጆቹ ሁሉ ሳህናቸውን ጥለው ሮጡ። ኢስሃቅ ዓይኑ ሌላ ነገር ማየት ተሳነው። የቤንዚን መኪና ከውጭ እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ አሮጌ ቪትዝ እንኳ አልቀመስ ባለበት ጊዜ ይቺ በአንድ ሚሊዮን አራት መቶ ሺህ ትሸጣለች። እንዲህ ያለች መኪና ለምን ረከሰች ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

ከዚያ የሆነው እኛ ጋ ብቻ የሚሆን ነገር ነው። አንዱ ሽማግሌ «ለሒክማ ልትገዛ ነው አሉ፤ እንግዲህ ሰው በተሰበሰበበት ዱዓ ይደረግላት» አለ። አጎታችን ሸህ አሕመዲን ተነሡ፤ እጃቸውን ኮፈኑ ላይ ጭነው ዱዓ አደረጉ፤ ሰዉ «አሚን!» አለ፤ ክርስቲያኑም «አሜን» አለ። እኔ ርቄ እጅ አስታጥብ ስለነበር ቃሉን አልሰማሁትም፤ አሚኑን ብቻ ሰማሁ። ከዚያ በኋላ ነገሩ አለቀ። ሸሁ የመረቋትን መኪና ማን ይነካካል? ኮፈኗን የከፈተ የለም፤ ዱዓ የተደረገው ተዘግታ ነው። አቶ ዝናውም «ሰው ናችሁ፣ አምናችኋለሁ፤ እየነዳችሁ እዩዋት» ብሎ ቁልፉን ትቶልን በሚኒባስ ሄደ። ስለ ሞተሯ የጠየቀው ስለሌለ እሱም ምንም አልተናገረም።

እውነቱን ልንገርሽ፤ እኔም ወድጃት ነበር። በማግስቱ ኢስሃቅ እማን ለምርመራ ደሴ ሲወስዳት እኔና ሳጂዳ ከኋላ ተቀመጥን። ከሐይቅ ወጥተን ቀጥ ያለው መንገድ ላይ አንድ ኢሱዙ ደርቦ ለማለፍ ኢስሃቅ እግሩን ጫን አደረገ። ጀርባዬ ወንበሩ ላይ ተለጠፈ። ሳጂዳ ጮኸች፤ እማ «ቢስሚላህ! ቀስ በል አንተ ልጅ!» አለች፤ ከዚያ ግን ሳቀች። ሒክማ፣ እማ ሳቀች። ሰዓድ ካለፈ የመጀመሪያዋ ነው። መሪውን የያዘው፣ ያሳቃት፣ ጃኬቱንም የለበሰው እሱ ነው። ይቺ መኪና አንድ ክፉ ነገር ቢገኝባት ብዬ የተመኘሁት ያን ጊዜ ነው። ዓርብ ዕለት የዋሸሁትም ምኞቴ ስለዘገየብኝ ነው።

ውሸቴ አልሠራ ሲል እውነተኛ ጥፋት መፈለግ ጀመርኩ። ለእውነት ብዬ እንዳይመስልሽ። ሰዓድ የመኪና ዘይት እንዴት እንደሚለካ አስተምሮኛል፤ ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ ዘንጉን መዘዝ ማድረግ፣ በጨርቅ መጥረግ፣ መልሶ ከትቶ ማየት። ቅዳሜ ጠዋት ለካሁ፤ ዘይቱ የላይኛው ምልክት ላይ ነበር። ቅዳሜና እሁድ ኢስሃቅ ሰው ይዞ ሁለት ጊዜ ደሴ፣ ሰኞ አንድ ጊዜ ውጫሌ ደርሶ ተመለሰ፤ ሁሉም ተደምሮ ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር አይሞላም። ማክሰኞ ጠዋት ስለካ ዘይቱ ከታችኛው ምልክት በታች ነው። ከሥሯ ተንበርክኬ አየሁ፤ አፈሩ ደረቅ ነው፣ አንዲት ጠብታ የለም። አልፈሰሰም ማለት ነው፤ ተቃጥሏል። ትንሽ ቆይቶ ኢስሃቅ መጥቶ ሲያስነሳት ከአራቱም ቱቦ ሰማያዊ ጭስ ቦግ ብሎ ወጣ፤ የተቃጠለ ዘይት ሸተተኝ። ሞተሩ ሲሞቅ ጭሱ ጠፋ። አቶ ዝናው ሲያመጣት ከኮምቦልቻ ድረስ ተነድታ ሞቃ ስለነበር ነው ሰደቃው ላይ ያላየነው።

ደስ አለኝ። ትምህርት ቤት እስክደርስ ብቻዬን ፈገግ እያልኩ ነበር። ክፍል ገብቼ ስቀመጥ ግን ፈራሁ። ዓርብ የዋሸ ሰው ማክሰኞ እውነት ይዞ ቢመጣ ማን ያምነዋል? ስለዚህ ከትምህርት መልስ ጋሽ ፈንታሁን ጋራዥ ሄድኩ። ሰዓድ የሚነዳውን ሚኒባስ ይሠራ የነበረው መካኒክ ነው፤ ታስታውሽዋለሽ፣ ቁመቱ ዘለግ ያለ፣ ሁልጊዜ የሚቀልድ። ኢስሃቅ መስጊድ ስለነበር ቁልፉን ከእማ ተቀበልኩና ጋሽ ፈንታሁን ግቢያችን መጥቶ ኮፈኑን ከፈተ። ለሞተሩ እሳት ከሚሰጡት አንዱን ካንዴላ ፈትቶ አወጣ፤ ጫፉ በዘይት ጠቁሯል። «እናንተ መኪና ነው የምትገዙት ወይስ ዘይት ቤት ልትከፍቱ ነው?» አለኝ። ሰደቃው ላይ ለምን ዝም እንዳለ ስጠይቀው ተቆጣ። «አንተ ልጅ፣ ሸህ አሕመዲን እጃቸውን ጭነውባት እኔ ካቻቢቴን ይዤ ልቃወም? ደግሞስ አሜን ብያለሁ እኮ!» አለ።

ከዚያ ግን ቁጭ ብሎ አስረዳኝ። መኪናዋ መጥፎ ሆና አይደለም፤ አዲስ እያለች የንጉሥ መኪና ነበረች። ፈጣን መኪና ግን በወቅቱ ዘይቷን፣ በወቅቱ ዕቃዋን የሚቀይርላት ትፈልጋለች፤ ይቺን አራት ሰው ተቀባብሏት፣ ሁሉም ነድቷት፣ ማንም አላከማትም። የሞተሯ ቀለበቶች ሳይበሉ አይቀሩም፤ ያ ማለት ሞተሩ ይወርዳል። ተርቦውም የራሱ ድምፅ አለው። በእሱ ግምት ሁለቱን ለማሠራት ስድስት መቶ ሺህ ብር ቢበቃ ጥሩ ነው። ዕቃው ደሴ አይገኝም፤ አዲስ አበባም ካልተገኘ ከዱባይ ይታዘዛል፤ ሁለት ሦስት ወር ቆማ ትጠብቃለች። የቆመች መኪና ደግሞ እማን አትጦርም። «እኔ ራሴ ልሠራት አልችልም፤ ኮምፒውተሯን የሚያነብ መሣሪያ የለኝም። እችላለሁ ብዬ ብነካካት ደግሞ አበላሻታለሁ» አለኝ፤ ይህን ሲል አፍሮ ነበር። ቤንዚን በሰልፍ በሚገኝበት ጊዜ ስንት እንደምትጠጣ፣ በግሸን ድንጋያማ መንገድ ላይ ያ ዝቅ ያለ ሆዷ ምን እንደሚሆን ሳይጨመር ነው ይሄ ሁሉ።

አንድ ሌላ መኪና አለች። የባዮሎጂ መምህራችን ኮሮላውን ሊሸጥ ነው፤ አንድ ሚሊዮን አምስት መቶ ሺህ ይላል። ላሞካሽልሽ አልችልም። ነጭ ናት፣ አንዱ በሯ ግን በሌላ ነጭ የተቀባ ነው። ወንበሯ ተቀዷል። ዳገት ላይ ታዘግማለች፤ ማንም ልጅ አይሮጥላትም። ጋሽ ፈንታሁን ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እሱ ነው የሠራት፤ የት እንደሚያማት በጨለማ ያውቀዋል። ፍሪሲዮኗ በቅርቡ ይለወጣል፤ ከነእጅ ዋጋው ሠላሳ ሺህ አይደርስም፤ ዕቃው ደሴ በዕለቱ ይገኛል። ሰዓድ በሕይወት እያለ መኪና የሚገዛ ሰው ሲያማክረው «መጀመሪያ የሚሠራልህ ሰው ቤቱ የት እንደሆነ ጠይቅ» ይለው ነበር። የዚች ሠሪ ቤቱ ከእኛ ቤት አምስት ደቂቃ ነው።

ግን የዱዓው ነገር አለ። እማ ስነግራት «የተመረቀን ነገር ገፍተን ደግሞ ሌላ መከራ እንዳንጠራ» አለች። ልጇን በቀበረች በሁለት ወር እንዲህ ብትል አልፈረድኩባትም። ስለዚህ ትናንት እሮብ ወደ አጎታችን ቤት ወጣሁ። የሚከሰሰው ልጃቸው ቢሆንም የዘይቱን ነገር፣ የጭሱን ነገር፣ የዓርቡንም ውሸቴን ጭምር ነገርኳቸው። ሙስበሃቸውን እየቆጠሩ እስከ መጨረሻው ሰሙኝና «ዱዓው ላይ ምን እንዳልኩ ሰምተሃል?» አሉኝ። አልሰማሁም አልኳቸው። «ያ ረቢ፣ ኸይር ከሆነች አግራላቸው፣ ሸር ከሆነች አርቅላቸው ነው ያልኩት። እናንተ አሚን ብላችሁ ግዙ አለን ብላችሁ ሄዳችሁ። እኔ የለመንኩት ለሒክማ ነው እንጂ ለብረት አይደለም» አሉ። ቀጠሉናም ዓይኔን እያዩ «አንተስ እዚህ ድረስ የመጣኸው ለመኪናዋ ነው ወይስ ለኢስሃቅ?» ብለው ጠየቁኝ። «እሺ፣ ለመልሱ ጊዜ አለህ» ብለው አሰናበቱኝ።

ስመለስ ኢስሃቅ ግቢው ውስጥ መኪናዋን ያጥባል። አባቱ ያሉትን ነገርኩት። ይጣላኛል ብዬ ነበር፤ ጨርቁን እየጨመቀ «ጭሱን ከአንተ በፊት አይቼዋለሁ፤ ሁለት ሊትር ዘይት ከኪሴ ገዝቼ ወንበሩ ሥር አስቀምጫለሁ» አለኝ። ለምን ዝም አልክ አልኩት። «እሷ ከሄደች እኔ እዚህ ምን ብዬ እቀመጣለሁ? ተመልሼ አዳማ፣ የሰው መኪና። የሰርግ ሥራውም ኮንትራቱም በእሷ ይመጣል ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ» አለ። በጎን እያየኝም «አንተማ ስሄድ ደስ ይልሃል» አለኝ። እየሳቀ ነው ያለው፤ እኔ ግን አልሳቅሁም፤ እውነቱን ነበር። አንቺ ብሩን ባትልኪ፣ መኪናዋ ለአቶ ዝናው ብትመለስ፣ ኢስሃቅ ሻንጣውን ይዞ ይሄዳል። የምመኘው ነገር በእጄ ገብቷል። ይህን ደብዳቤ «አትግዢ» ብዬ ብቻ ጨርሼ ብልክልሽ ሁሉም ያልቃል፤ እውነትም ስለሆነ ማንም አይወቅሰኝም።

ሌላም እውነት ግን አለ። ሰዓድ ካለፈ በኋላ እማ እህል አልቀምስ ባለች ጊዜ ሦስት ቀን ሙሉ ለመንኳት፤ እምቢ አለችኝ። ኢስሃቅ መጥቶ ከፊቷ ቁጭ ብሎ «እኔም አልበላም እንግዲህ፤ ከአዳማ ድረስ የመጣሁት ለመራብ ነው» ሲላት ከእጁ ጎረሰች። ያን ጉርሻ እስከ ዛሬ ይቅር ማለት አልቻልኩም። እሱ ከሄደ ግን ሁለተኛ ልጅ እንደሚሞትባት አውቃለሁ፤ እኔ ደግሞ የእሱን ያህል አላጽናናትም። ለምን እንደሆነ አላውቅም። ምናልባት እኔንና ሰዓድን ጎን ለጎን ማየት ስለለመደች፣ እኔን ብቻ ስታይ እሱ ስለሚጎድላት ይሆናል።

ስለዚህ ፍርዴን ልንገርሽ፤ አንቺም እንደፈለግሽ አድርጊው። ሰማያዊዋን መኪና አትግዢ። ነጯን ኮሮላ ግዢ፤ ኢስሃቅም ይንዳት። ቅናቴ ቢጽፈው ኖሮ ይሄን ሁለተኛውን አይጽፍም ነበር፤ በዚህ እመኚኝ፣ ሌላ ማስረጃ የለኝም። ብሩ መቶ ሺህ ይጎድላል። ይህን ስነግረው ኢስሃቅ «አዳማ ያስቀመጥኳት አለች፣ እኔ እሞላለሁ፤ ፍሪሲዮኑንም እኔ አስለውጣለሁ» አለ። ኮሚሽን ይበላል ብዬ ያማሁት ሰው ነው እንዲህ ያለው። አጎታችን ራሳቸው ለአቶ ዝናው ደውለው ቁልፉን እንደሚመልሱለት ነግረውኛል፤ ሰውየውም እንዳይቀየም፣ እኛም ሳንጠይቀው ስለተቀበልን።

ለራሴ አንድ ነገር ብቻ እለምንሻለሁ። አንድ ቀን፣ ሥራ ሲቀልልሽ፣ ለእኔ ብቻ ላኪልኝ። ስለ ብርም ስለ መኪናም አይሁን። ሰዓድ ትንሽ እያለ ምን ዓይነት ልጅ እንደነበር ንገሪኝ፤ እኔ ሳልወለድ የነበረውን። ያን ኢስሃቅ አያውቀውም፤ እማን መጠየቅ ደግሞ አልደፍርም።

እማ በጣም ሰላም ብላሻለች፤ ስለ አንቺ ሳታነሳ አንድም ሶላት አሳልፋ አታውቅም። ሳጂዳ ሰላም ብላሻለች፤ የፀጉር ማስያዣ ቀይ ይሁንልኝ ብላለች። አጎታችን ሸህ አሕመዲን ዱዓ ልከውልሻል። ጋሽ ፈንታሁን «ለሒክማ፣ እግዜር ያቆይልን በልልኝ» ብሏል። አብረውሽ ላሉት የአገራችን ልጆች ሁሉ ሰላም በይልኝ። ኢስሃቅም ሰላም በልልኝ ብሎኛል። ይህቺን መስመር ዘልያት ልጨርስ ነበር። ወንድማችን ብዬ ልጽፈው ስል እጄ ገና አልታዘዘኝም፤ የአጎታችን ልጅ ኢስሃቅ ሰላም ብሎሻል፣ ሒክማ። ደህና ልጅ ነው።

ታናሽ ወንድምሽ ሀምዳን

ሐይቅ፣ ደቡብ ወሎ
ሐሙስ፣ ጥቅምት ፳፯ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም.